«ኑ» የምትባለው ቃል

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ አራጌ፣

ይህ ወረቀት ከደጃፍዎ ግራር ሥር ተቀምጠው ወደ ዞብል ተራራ እያዩ በጤና ያግኝዎ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለቤትዎ እትዬ የብርጓል ካረፉ ሁለተኛው ፋሲካ ሊሆን ነው፤ አሁንም ቤቱን ሳስበው እሳቸውን ከጓዳ ብቅ ሲሉ ነው የማየው። እናቴ ለእሳቸው የአክስት ልጅ ብቻ ናት። ይሁን እንጂ ቆቦ ትምህርት ቤት ስማር ያሳደጋችሁኝ እናንተ ናችሁና፣ ሰው «ዘመድሽ ማነው?» ሲለኝ ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው የእርስዎ ስም ነው።

እዚህ ስለ እናንተ አገር ይወራል። አንዱ ዝናብ ጠፋ፣ ሰው ተሰደደ ይላል። ሌላው ውሸት ነው ይላል። ጋዜጣው ዝም ብሏል። እባክዎ እርስዎ ይንገሩኝ። በልጉ እንዴት ነው? በሬውስ?

ትምህርቴ ፍልስፍና መሆኑን ነግሬዎት ነበር። የምመረቅበትን ጽሑፍ የምሠራው ስለ ግለኝነት ነው። ብዙ መጽሐፍ አነባለሁ፤ አንዳንዴም ራሴን ያመኛል።

ለሾፌሩ ለደሳለኝ አንድ ስልቻ በሶ ሰጥቼዋለሁ። የአስመራ ጭነት ሲይዝ ቆቦ ላይ ያወርደዋል። ስልቻው ላይ «ለግልዎ» ብዬ ጽፌበታለሁ። አደራ፣ እንደ ጻፍኩት ይሁን።

ልጅዎ ጥሩወርቅ


ከጎሊና ወንዝ ማዶ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩወርቅ፣

የብርጓል ትማጸናት የነበረችው እመቤት አንቺንም በእጇ ትያዝሽ። ፋሲካን በሰላም ፈሰክን። ሰላምታሽም ደርሶኛል።

በሶው ደርሷል። ስልቻውም ጥሩ ስልቻ ነው። እኔ ግን ተቀይሜሻለሁ።

የጻፍሽበትን ራሴ ነኝ ያነበብኩት፤ ለማንም አላስነበብኩም። እስከ ዳዊት እኩሌታ የደረስኩ ሰው ነኝ። «ለግልገልዎ» ይላል። ዓይኔ ነው ብዬ ፀሐይ ላይ አውጥቼ አየሁት። ያው ነው። መሐል ላይ ፊደል ዘለሻል፤ ቸኩለሽ ይሆናል ብዬ እኔው ሞላሁልሽ። ፍየሏ መውለዷን ማን ነገረሽ? ደሳለኝ መሆን አለበት፤ አፉ እንደ መኪናው አያርፍም። ልጄ፣ ለግልገል በሶ ይሰጣል? እናንተ ከተማ ገብስ ቆልተው ፈጭተው ለፍየል ነው የሚሰጡት? ሰው እያለ?

ስለዚህ አደራሽን አፈረስኩ። በሶውን ከእነሲቲ ጋር በላነው። ሲቲን ታውቂያታለሽ፤ አጥር የምንጋራት፣ ጠጉርሽን ትሠራሽ የነበረችው። ልጇ ሰይዳ አራስ ናት፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ሁመራ እንደ ወረደ ነው። ለሲቲ ነገሩን ስነግራት «ወላሂ አያ አራጌ፣ ባለቤቲቱን ሳናስፈቅድ እንዴት እንበላለን?» ብላ ወደ ግልገሏ ዞረች። «እመት ግልገል፣ አፉ በይን» አለቻት። ሲቲ ከሳቀች ቆይታ ነበር።

ትምህርቴም ስለ ግልገልነት ነው ብለሻል። ለዚህ ይህን ሁሉ ዓመት አዲስ አበባ ምን አስቀመጠሽ? እዚሁ ብትጠይቂኝ ከሰዓት በፊት እንጨርሰው ነበር።

ሌላው፣ «እርስዎ» እያልሽ የምትጽፊው ለማን ነው? የወረዳ ሹም መሰልኩሽ? እኔ አንቱ ነኝ። አንቱ በይኝ።

በልጉን ለጠየቅሽው ሰማዩ ጥርት ብሏል። በሬው አርፏል። እኔ ደህና ነኝ። ምንም አትላኪ።

አራጌ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 14 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለተወደዱ አያ አራጌ፣

እግዚአብሔር ደጅዎን ከእግረኛ፣ ልብዎን ከሳቅ አይለይ። ደብዳቤዎን ሳነብ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ፤ አብረውኝ የሚያድሩት ልጆች «ምን ሆነች?» ብለው ተሰበሰቡ። ፊደል አልዘለልኩም። «ግል» ማለት የራስ፣ የብቻ ማለት ነው። በሶውን ለሌላ ሳያካፍሉ እርስዎ ራስዎ እንዲበሉት ነበር የጻፍኩት።

የምማረውም ይኸው ነው። ሰው የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ሚስት፣ የእገሌ ጭሰኛ ከመሆኑ በፊት እሱ ራሱ ነው፤ ሕይወቱም የእሱ ናት የሚል ሐሳብ ነው። የፈረንጅ ፈላስፎች ብዙ ደክመውበታል። አንዳንዶቹ ያለዚህ ነጻነት የለም ይላሉ። ሌሎቹ ሲበዛ ሰውን ከሰው ይቆርጣል ብለው ይፈራሉ። መምህራችን «በእኛ አገር ግለሰብ ገና አልተወለደም» ይላል። አይቆጡኝና እኔም እንደ እሱ ይመስለኛል። እትዬ የብርጓልን ያስቧቸው። ሁልጊዜ የተረፈውን እንጂ የወደዱትን ሲበሉ አላየሁም። «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው ነበር?

እርስዎም እንደ እሳቸው ነዎት። እባክዎ ለአንድ ዓመት ብቻ ስለ ራስዎ ያስቡ። ወደ እኔ ይምጡ። ከደሳለኝ ጋር ጋቢና ተቀምጠው ይምጡ፤ የሚያድሩበትን እኔ አውቃለሁ።

በሬው «አርፏል» ያሉት ምን ማለት ነው?

ጥሩወርቅ


ከጎሊና ማዶ፣ ሰኔ 20 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩወርቅ፣

ያሰብሽውን የሚሞላ አምላክ ከፊትሽ ይቅደም።

በሬው አርፏል ማለት አርፏል ነው።

የብርጓልን ማን ጠየቃት ብለሻል። እኔ ነኝ የጠየቅኳት። በተጋባን ሰሞን «ምን ላድርግልሽ?» አልኳት። ነጠላ ትለኛለች ብዬ ነበር። «የአጥሩን በር ሰፋ አድርገህ ሥራልኝ፤ እንስራ ያዘለች ሴት ጎኗን ሳታዞር እንድትገባ» አለችኝ። ሠራሁላት። አንቺም ደብተርሽን ታቅፈሽ የገባሽው በዚያ በር ነው። እንግዲህ ይህ የእሷ ግል አይደለም? ፈላስፎችሽን ጠይቂልኝ።

ዘንድሮ ሰው በሩን ዘግቶ መብላት ጀምሯል። ጭሱ እንዳይታይ፣ ጩኸቱ እንዳይሰማ። ልጅ ያለው ሰው ነው፣ አልፈርድበትም። ግን መንደሩ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ይሁኔ እንኳ፣ ያ ሳቂታው ጎረቤታችን፣ ደጁን ሳንኳኳ አልከፈተልኝም። ሲውጥ ሰማሁት። እኔም አፍሬ ተመለስኩ፤ ማን ማፈር እንዳለበት ግን አላወቅኩም።

እኔ እንደ በፊቱ ነኝ። የምቀምሳት ስትገኝ የየብርጓልን በር ከፍቼ ወደ መንገዱ «ኑ እንብላ!» እላለሁ። መንገዱ ሰው አያጣም፤ ቤቱን ጀርባው ላይ ጭኖ ወደ አስፋልቱ የሚወርድ ነው። አንዳንዱ ይገባል። አንዳንዱ ፊቱን ይሸፍናል። አንዳንድ ቀን ጠርቼ ሳበቃ የማቀርበው ውሃ ብቻ ይሆናል። ሳልጠራ ከጎረስኩ ግን ጉሮሮዬ አይቀበልም።

አንቺ ደግሞ «ይምጡ» ብለሽ ጽፈሻል። «ይምጡ» የቢሮ ነው። እኛ ትልቅ ሰው የምንጠራው «ኑ» ብለን ነው። ለአንድ አዛውንትም «ኑ» ነው፣ ለመንደርም «ኑ» ነው። መንገደኛው አንድ ከሆነ አከበርኩት፤ ብዙ ከሆኑ ሁሉንም ጠራኋቸው። አንዷ ቃል ለሁሉም ትበቃለች።

ስለ ግልም ተኝቼ አስቤበታለሁ። ድሮ ፍየሎቻችን ብዙ ሳሉ፣ ማታ ከግጦሽ ሲገቡ ግልገሎቹ አንድ ላይ ይጮሁ ነበር። ለእኔ ሁሉም አንድ ጩኸት ነው። እናቲቱ ግን ከዚያ ሁሉ መሐል የራሷን ለይታ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር። እናም እናንተ ግል የምትሉት ብቻውን የቆመውን ነው ወይስ ተለይቶ የታወቀውን? ብቻውን የቆመውን ከሆነ አልገባኝም። ተለይቶ የታወቀውን ከሆነ ግን እኔም አለሁበት።

ይሁኔ ፍየሏን እረዳት ይለኛል። እኔ ካረድኳት ሲቲ አትበላም፤ እነሲቲ ካረዷት እኔ አልበላም። ወተት ግን ክርስቲያንም እስላምም አይደለም። አሁን የሐዋርያት ጾም ነውና የእኔን ድርሻ ሰይዳ ትጠጣልኛለች። ቄሱ «ለደከመ ሰው ፈቅጃለሁ» አሉኝ። «የደከመው ማነው?» አልኳቸው።

አዲስ አበባ አልመጣም። ወረቀት ካለሽ ላኪልኝ። ይህ የጻፍኩበት የስኳር መጠቅለያ ነው፤ ስኳሩ ያለቀው ግን ዛሬ አይደለም።

አራጌ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 10 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለአያ አራጌ፣

ኪዳነ ምሕረት ትጠብቅልኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ልኬ ነበር፤ በሶም አለበት፤ ሽምብራም አለበት። «ለግልዎ» የሚል አልጻፍኩበትም። ሐምሌን በሙሉ ደብዳቤ ጠበቅኩ። ደሳለኝ «ወረቀቱን ቆቦ ላለ ሰው ሰጥቻለሁ» ይለኛል፤ ፊቴን ግን አያየኝም።

ስለ በሩ የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ተሸንፌያለሁ። ስለ ግልገሉ ያሉት ላይ ግን ገና የምለው አለኝ።

አሁን አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ። ምንም ይሁን።

ጥሩወርቅ


ከጎሊና ማዶ፣ ነሐሴ 26 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለጥሩወርቅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ፍልሰታን ጾምን። ዝናቡ መጣ፤ ምድሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል፤ ብታዪው ያምራል። የሚዘራ ዘር ግን የለም። የሚያርስ በሬም የለም። ሳሩ ደስ ያሰኘው ፍየሏን ነው።

ሲቲ ቀን በቀን «ቆቦ እንሂድ፣ መጠለያ ተከፍቷል» ስትለኝ ከረመች። እስቲ ልየው ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። ተሰለፍኩ። ተሰልፌ አላውቅም ነበር። ጠረጴዛው ጋ ስደርስ አንድ ጎልማሳ ቀና ሳይል «ስንት ነፍስ?» አለኝ። «አንድ» አልኩ። «ቀጣይ!» አለ።

ልጄ፣ «አንድ» ብዬ አላውቅም። የብርጓል ስትሞት እንኳ ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶት ስለነበር አንድ መሆኔን አላየሁትም። አፌ «አንድ» ሲል ጆሮዬ ሰማው። ስፍሩን ሳልቀበል ተመለስኩ። እዚያ ማንም «ኑ» አይልም። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ሰዉ በዝቶባቸው ነው። እኔ ግን ሳልጠራ አልበላም።

ደሳለኝ ምስጢራችሁን አውጥቶታል። ተማሪዎቹ ቁርሳችሁን ትታችሁ ነው አሉ ለእኛ የምትልኩት። ማን አዘዘሽ? ልጅ ሆነሽም ቁርስ ሳትበዪ ያዞርሽ ነበር።

ጨው ካገኘሽ ላኪልኝ። ለእኔ አይደለም።

አራጌ


አዲስ አበባ፣ መስከረም 7 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለአያ አራጌ፣

አዲሱን ዓመት የምሕረት ያድርግልን። ዛሬ የምጽፈውን በቁጣ ሳይሆን በፍቅር እንደ ጻፍኩት አድርገው ያንብቡልኝ።

ቁርሴን እንድተው ማንም አላዘዘኝም። ጓደኞቼ ከመወሰናቸው በፊት ብቻዬን አስቤ፣ ብቻዬን ወስኜ ተውኩት። ግለኝነት ማለት ይህም ነው አያ አራጌ፤ በር መዝጋት ብቻ አይደለም። መንደሩ ሁሉ ሲዘጋ ብቻዎን በር የከፈቱት እርስዎም እንደዚያው ነዎት። ባላየሁት አገር ያሉ ፈላስፎች የሚሉት ሰው ደጃፍ ላይ ነው ያደግኩት።

አሁን ግን ደሳለኝ የነገረኝን ልንገርዎ። ሲቲን ቆቦ ገበያ አግኝቷት «ለምን መጠለያ አትገቡም? የምታጠባዋን ለምን ታስርቢያታለሽ?» አላት። «አያ አራጌን ማን ላይ ጥዬ?» አለችው። እርስዎ ካልሄዱ እሷ አትሄድም። እሷ ካልሄደች ሰይዳ አትሄድም። ሰይዳ ወተቷ እየደረቀ ነው። ይህን ያውቃሉ?

እርስዎ «አንድ» ብለው የተመለሱ ጊዜ አንድ አልነበሩም።

ግልገሉን እናቱ ለይታ ታውቀዋለች ብለውኛል። እውነት ነው። ግን እናቱ ስትጠራው ግልገሉም መሄድ አለበት። ዕድሜዎን ሙሉ ጠሪ ነበሩ። ሰው ሲጠራዎት ደግሞ «እኔ ጠሪ ነኝ» ብለው ይቀመጣሉ። ሲቲ ቀን በቀን «እንሂድ» ስትልዎ የነበረው እኮ መጥራት ነው። ተጠርቶ መቅረትም በር መዝጋት ነው።

እግርዎን ስሜ ይቅርታ እለምናለሁ። ጨውም ልኬያለሁ።

ጥሩወርቅ


አዲስ አበባ፣ መስከረም 25 ቀን 1966 ዓ.ም.

አያ አራጌ፣

ከደሳለኝ በፊት በተነሣ መኪና ነው ይህን የምልከው። መልስ የለም። ተቀይመው ከሆነ ይቀየሙኝ፤ ብቻ ይኑሩልኝ።

ጥሩወርቅ


ቆቦ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1966 ዓ.ም.

አያ አራጌ፣

የየብርጓል አምላክ ይህን ወረቀት በእጅዎ ያኑርልኝ። ቆቦ ነኝ። ለእርዳታ ከመጡት ተማሪዎች ጋር ትናንት ገባሁ። መጠለያው ጥግ፣ ከአንድ ግራር ሥር፣ የገንፎው በርሜል የሚጣድበት ቦታ አለ፤ የምሠራው እዚያ ነው። «ስንት ነፍስ?» ይል የነበረውን ሰውዬም አገኘሁት። ሌሊቱን ሲያቃስት የሚያድር ደግ ሰው ነው።

ትናንት ማታውኑ ልመጣ ተነሥቼ ነበር። ጎሊናን የሚያሻግር መንገዱ አልጠፋኝም፤ ዓይኔን ጨፍኜ እደርሳለሁ። ከዚያ ቆም ብዬ አሰብኩ። እጅዎን ይዤ ባመጣዎት እኔ አመጣሁዎ ይባላል እንጂ እርስዎ መጡ አይባልም። ይህን ደግሞ አልሻም። ይሁኔ ትናንት ልጆቹን ይዞ ገብቷል። ስለ እናንተ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ፤ «የአያ አራጌ በር አሁንም ክፍት ነው» ብቻ አለኝ። ወረቀቱን ራሱ ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ፤ ማንም አልለመነውም።

ለሲቲ ንገሩልኝ። ረመዳን ነውና የእሷን ድርሻ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከድኜ አስቀምጥላታለሁ። ለሰይዳ ግን ወዲያው ነው፤ የምታጠባ አትጾምም።

ለእናንተ ገንፎ አውጥቼ ከፊቴ አስቀምጫለሁ። እኔም ቁርሴን አልበላሁም። ዛሬ የተውኩት ለሌላ ለመስጠት አይደለም፤ ሰው እየጠበቅኩ ነው።

«እርስዎ» ማለት ከእጄ አልወጣ ብሎኝ ነበር። «ይምጡ» ማለትም እንደዚያው። አሁን ግን ከመንገዱ ዳር ቆሜ፣ እትዬ የብርጓል ባሠሩት በር በኩል እንዲሰማ አድርጌ እጠራለሁ።

አያ አራጌ፣ ኑ እንብላ።

ጥሩወርቅ


ጥቅምት 5፣ ከሰዓት

ለልጄ ለጥሩወርቅ፣

ይህን ይዞ የሚመለሰው ይሁኔ ነው። እሱ ቶሎ ይራመዳል፤ ልጆቹም እዚያ ናቸው። እኛ ቀስ ብለን ነን።

ያንን የመስከረም ደብዳቤሽን አንብቤው ነበር። መልስ ያልሰጠሁት ተቀይሜ አይደለም። ብዙ ጊዜ አነበብኩት፤ ማንበብ ይቆይብኛል። ከዚያም ሲቲን «ለእኔ ብለሽ መቅረትሽን ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ስንት ዓመት አጥር ተጋርተን ይህም ይነገራል?» አለችኝ። ሰይዳን ይዛ እንድትሄድ ለመንኳት፤ እምቢ አለች። ልሂድ ስል ደግሞ እግሬ እምቢ አለ። ይህንን እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ? ደህና ነኝ ብዬሽ ነበር።

ዛሬ ይሁኔ ገባና ወረቀቱን ሰጠኝ። በሩ ላይ ቆሞ አልገባ አለኝ። «ግባ» አልኩት። «ያን ዕለት የዘጋሁብዎ...» ብሎ ጀመረ። «የምትሰጠኝ ውሃ ካለህ ስጠኝ፣ ሌላውን ተወው» አልኩት። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤ ሲቲም በአጥሩ በኩል ሰማች። የመጨረሻው ላይ ስደርስ «እሱ ለአንቱ ነው ለሁላችን?» አለችኝ። «አይ ሲቲ፣ ‹ኑ› እኮ ነው የሚለው» አልኳት። «እንግዲያ እኔንም ጠርታኛለች» አለችና ሕፃኑን ማዘል ጀመረች። ስለ ጾሙም «ረመዳን ዘንድሮ እኛ ጋ ቀድሞ ነው የገባው፤ እስከ ማታ አያቅተኝም» በያት ብላለች።

ምርኩዜን ይዣለሁ። የየብርጓልን በር አልዘጋሁትም። መንገደኛ ቢመጣ ጥላ ያገኝበታል።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ ላለው ደግ ሰው ንገሪልኝ። ስንደርስ «ስንት ነፍስ?» ብሎ ይጠይቀኝ፤ የምመልሰውን አውቄያለሁ። ፍየሏን እየነዳናት ነው። ግልገሏም ከኋላዋ አለች፤ ስትጮህ እናቷ ዞራ ዞራ ታያታለች። እሷ አድጋለች፤ በሶ ብትሰጪያት አሁን ትበላለች።

ገንፎው እንዳይቀዘቅዝ ክደኚው። ሳንደርስ ግን እንዳትጀምሪ።

መጥተናል።

አራጌ